ለጃግታር የጋገርኩት ሮቲ

«ዘር አይሸጥም!»

ጃግታር መጀመሪያ ያለኝ ቃል ይኸው ነው። ሩፒዬን ጨብጬ ደጁ ላይ እንደቆምኩ ደሜ ፈላ።

«እንኳን ስንዴህ፣ አንተም ብትሸጥ ገዢ የለህም!»

ከት ብሎ ሳቀ። በኛ የፑንጃብ መንደር ኬሚካል ሳይረጭ የሚያርስ እሱ ብቻ ነበር። የአያቶቹን ቀይ ስንዴ በየዓመቱ እየዘራ፣ ዘሩን መልሶ ገንቦ ውስጥ ያስቀምጣል። እብድ ይሉታል።

«በብድር ውሰጂው» አለኝ። «አንድ ቁና ወስደሽ፣ ስታጭጂ ቁና ከሩብ ትመልሻለሽ። ባዕድ ፍሬ ከተገኘበት ግን ወዮልሽ!»

አጭደን ስንጨርስ መለስኩለት። አንሶላ ላይ ዘርግፎ ፍሬ በፍሬ ፈተሸው። ምንም ሲያጣ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ዘሬን ጠበቅሽልኝ... እኔንስ ትጠብቂኛለሽ?»

ተጋባን። ደግ ዓመታት ነበሩ። አምና ግን በረዶ አዝመራችንን ደበደበውና ነቀዝ እንዳይበላት አመድና የኒም ዛፍ ቅጠል የተነሰነሰባት፣ በአንዲት ገንቦ ሥር ያለች ጥቂት እፍኝ ዘር ብቻ ተረፈችን። ወዲያው ጃግታር ካንሰር ተገኘበት። ሐኪሙ «ወደ ቤት ውሰዱት» አለን።

የዲዋሊ በዓል አልፎ የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ ምግብ የሚባል እምቢ አለው። አንድ ቀን ግን ቀና ብሎ፣ «የኛ ስንዴ ሮቲ አማረኝ...» አለ።

እናቱ ቢቢ ቻራን እግሬ ላይ ወደቁ።

«ፍጪለት ልጄ! እሱ ከሄደ ዘር ምን ያደርግልኛል?»

ገንቦዋን ከፍቼ እጄን ከተትኩ። ከፈጨሁት እድሜውን ሙሉ የደከመበት ነገር በኔ እጅ ማለቁ ነው። ካልፈጨሁት ደግሞ ባሌ አምሮት ይዞ ይሞታል። አልቻልኩም! የሱቅ ዱቄት አቡክቼ ሮቲውን፣ ያንን ስስ ቂጣ፣ ጋገርኩ።

«ይኸው፣ የኛው ነው» አልኩት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት።

ቆርሶ አኘከ። ከዚያ «አዎ... የኛው ነው» አለና ጨርሶ በላው። ጓሮ ወጥቼ አፌን በሻርፔ አፍኜ አለቀስኩ። ቢቢ የዱቄቱን ከረጢት አይተው ኖሮ ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። ጃግታር በዚያው ሳምንት አረፈ።

አስከሬኑን አቃጥለን አመዱን ወንዝ ላይ ከበተንን በኋላ ብቻዬን ለመዝራት ወጣሁ። ቢቢ ነጭ መጎናጸፊያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሳልጠራቸው መጡ። ከጎኔ ሆነው ሲዘሩ ቆይተው ድንገት ተናገሩ።

«ያን ዕለት ልጮህብሽ ነበር። ጃግታር እጄን ያዘኝ። ‹እማዬ፣ ዝም በይ› አለኝ። ‹የሱቅ ዱቄት ነው፣ ገና ስቆርሰው አውቄዋለሁ። አምሮኝ አፌን አምልጦኝ እንጂ፣ ዘሩን ፈጭታው ቢሆን አልቅሼ ነበር የምሞተው› አለኝ። እሱ ይቅር ሲልሽ እኔ ግን አቃተኝ ልጄ...»

እርሻው መሃል ተቃቅፈን ተንሰቀሰቅን። ከዚያ ተነስተን የቀረውን ዘራን።

ስንዴው ደረሰ። መጀመሪያ ገንቦዋን ሞላሁ። ከተረፈው ፈጭቼ ጋገርኩና ትኩሱን ይዤ አመዱን ወደበተንንበት ወንዝ ወረድኩ።

ግማሹን ለውሃው ሰጠሁ። ግማሹን እዚያው ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ በላሁ።

«ጃግታር» አልኩት፣ «ይሄኛው የእውነት የኛው ነው።»