የተነከሰው ሃምሳ ሃላላ

ደምሴ ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር ውስጥ ከሚኖርበት ቤት ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ሲገኝ፣ በጨበጠው መዳፉ ውስጥ ጠርዙ የተነከሰ የሚመስል አንድ የሳዑዲ ሳንቲም፣ ሃምሳ ሃላላ፣ ነበር። ፖሊሶቹ የተበላሸ ሳንቲም ምን ያደርግልናል ብለው ለጎረቤቱ ለሂክማ ጣሉላትና፣ ከደረጃው ሲሮጥ የያዙትን ወንድሟን ኢብሮን በገዳይነት ጠርጥረው ወሰዱት።

ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው ፖሊስ ሲያይ ቢሮጥ ምን ይገርማል? የሂክማ ጓደኛ ዓለምወርቅ ይህንን ለማስረዳት ሁለት ቀን ጣቢያ ተመላለሰች። አገር ቤት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ እዚህ የአሮጌ ሳንቲም ነጋዴ ሱቅ ታጸዳለች። መልሱ ግን «ያላ፣ ያላ» እያሉ ማባረር ብቻ ሆነ። እሑድ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ያልፋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለኢብሮ ግን ማደሪያ ጊዜ የለም።

ቅዳሜ ረፋድ ሳንቲሙን ከሂክማ ተቀብላ በነጋዴው ማጉያ መነጽር አገላብጣ አየችው። የጎደለው ጠርዝ ተጭሯል፤ በጭረቶቹ ውስጥ ቢጫ ብናኝ ገብቷል። ከዚያ ከደምሴ ጋር አንድ ክፍል ይኖሩ የነበሩትን ሁለቱን ሰዎች ጠየቀች።

«ሲታተም የተበላሸ ስለሆነ ብዙ ያወጣል ይል ነበር» አለ ሰለሞን። «እኔ አሉሚኒየም መስኮት ስቆርጥ የምውል ሰው፤ ለእኔ የተሸረፈ ሃላላ ነው።»

ዑለያ ሰፈር ቁልፍ የሚቀርጸው ውብሸት ተቆጣ። «አይቼውም አላውቅ! ልጁ ሮጧል፤ ኸላስ፣ አለቀ! ምን ቀረሽ እህቴ?»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሂክማ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ደምሴ ረቡዕ ዕለት ሳንቲሙን ሱቅ አምጥቶ አሳይቶኛል» አለች ዓለምወርቅ። «ሳይታተም በፊት የጎደለ ሳንቲም ጠርዙ ሲነሣ፣ ከጉድለቱ ትይዩ ያለው ወገን የሚገፋው አጥቶ ይደበዝዛል። የደምሴ እንደዚያ ነበር። እጁ ላይ የተገኘው ግን ትይዩው ሙሉ ነው። ከታተመ በኋላ የተሞረደ ነው።»

«ተለውጦበታል ማለት ነው?» አለ ሰለሞን።

«አዎ። እሱም ነቅቶበታል። ጨብጦት የሞተው ለለወጠበት ሰው እያሳየ ስለነበር ነው። ኢብሮ ሊሰርቅ ቢገድለው ሌላ ሳንቲም ሞርዶ ምን ሊተካ? የሚተካ አብሮት የሚኖር ሰው ነው። ሞረዱ ደግሞ ቢጫ ብናኝ ትቷል። አሉሚኒየም ነጭ ነው፤ ቢጫው የቁልፍ ነሐስ ነው።»

ውብሸት ብድግ አለ። «ሪያድ ውስጥ ስንት ቁልፍ ቀራጭ አለ!»

«ሞልቷል። ከደምሴ አልጋ አጠገብ የሚተኛው ግን አንድ ነው።»

ውብሸት ስልኩን ወደ ኪሱ ሲከት፣ ሽፋኑ አብጦ ያየው ሰለሞን ቀማው። ሽፋኑን ሲያወልቀው ሳንቲም ወደቀ፤ ከጉድለቱ ትይዩ ጠርዙ ደብዝዟል።

«ንክሻ ያው ንክሻ ነው ብዬ እኮ ነው» አለ ውብሸት ተቀምጦ። «ደረጃው ላይ ሳንቲሙን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ ሌባ አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

ሰለሞን ሳዑዲያዊ ካፊሉ፣ ዋስ ሆኖ የሚያሠራው ሰው፣ ጋር ደወለ፤ ሰውየውም ጣቢያ ይዟቸው ሊገባ ተስማማ። ሁለት ቀን የለመነችው ነገር በአንድ ስልክ አለቀ፤ ዓለምወርቅ ከደስታዋ ንዴቷ በለጠ።

«አሁን ይለቁታል?» አለች ሂክማ።

«ከግድያው ነጻ ይወጣል። ኢቃማ ስለሌለው ግን ወደ አገር ይመልሱታል። እሱን ማስቀረት አልቻልኩም፣ እህቴ።»

ሂክማ የወንድሟን ሸሚዞች ከገመድ ላይ አውርዳ ማጠፍ ጀመረች። «ይሁን። እናቴ በእግሩ ሲገባ ትየው።»