የወንድሜ ማጅራት

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው።

"ጓደኛዬ ነግሮኝ ነው"፣ "ከሰው ሰምቼ ነው" አልልም። በሁለት ዓይኔ ያየሁት፣ በሁለት እግሬ ሮጬ የወጣሁበት ነገር ነው። ካላመናችሁኝ አልቀየምም። ሌላ ሰው ቢያወራልኝ እኔም አላምንም ነበር።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። መብራት አልጠፋም፣ ዝናብ አልጣለም፣ ውሻም አላላዘነም። ሰኞ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔና ወንድሜ ምሳ ልንበላ አንድ ምግብ ቤት ገባን...

ሁለት ሆነን ገባን።

ሁለት ሆነን ወጣን።

የጨነቀኝም እሱ ነው።

ሥራችን ፀጉር ማስተካከል ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰው ወንበር አጥቶ ደጅ ይቆማል፣ እኛም ቁጭ ሳንል እንውላለን። ሰኞ ግን ዝግ ነው። ሰው ሁሉ ሰኞን ሲረግም ለእኛ እሑዳችን ናት። ሸሚዝ ቀይረን፣ ሽቶ ነስነስ አድርገን፣ እንደ ትልቅ ሰው ውጭ ምሳ እንበላለን።

ሰኞ ውጭ በልታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ምግብ ቤቱ ቆሌው የተገፈፈ ነው። ግማሾቹ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። "ዓሣ አለ?" ስትሉ "አልቋል"፣ "ዶሮስ?" ስትሉ "አልደረሰም"። ወንድሜ በዚህ መቀለድ ይወዳል። "ጋሼ፣ ሰኞ ሾርባ ያዘዘ ሰው እሑድን ነው የሚጠጣው" ይላል። እንዲህ ብሎ ሲያበቃ ራሱ ሾርባ ያዛል።

ጩጬ ነው የምለው። በቁመት በአንድ ራስ ይበልጠኛል፣ ለእኔ ግን ጩጬ ነው። እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እጄን ይዛ "ወንድምህን አደራ" ብላኝ ነው የሄደችው። ያሳደግኩትም፣ መቀስ ያስያዝኩትም እኔ ነኝ። ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም።

አሁን ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ የሆነውን ልንገራችሁ።

እሑድ ከመዝጋታችን በፊት እሱ የእኔን ይቆርጣል፣ እኔ የእሱን። አስተካካይም ቢሆን የራሱን ማጅራት አያይም። ያን ቀን ቆሜ ስለዋልኩ እጄ ዝሏል። ማሽኑ አመለጠኝና ከቀኝ ጆሮው ኋላ፣ ማጅራቱ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ እስከ ቆዳው ላጨሁት። የተነከሰ ዳቦ መሰለ።

ልንገረው? እሱ እንዲህ ቢሳሳት ምድርና ሰማይን ነው የማገናኝበት። አፈርኩ። ከኋላው የሚያዘውን መስታወት ሳልይዝለት ፎጣውን አራገፍኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ...

"አሪፍ ሆነሃል" አልኩት።

ስለዚህ ያን ምልክት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከወንድሜ ትከሻ በላይ ይታየኛል። መጨረሻ ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ተቀምጧል። በዚያ ሙቀት ወፍራም ቡናማ ኮት ለብሷል።

እኛ ፀጉር አስተካካዮች ሰውን ከፊቱ ይልቅ ከኋላው ነው የምናውቀው። መንገድ ላይ እንኳ ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ማን እንደቆረጠው ሳላይ አላልፍም። እዚያም ሳላስበው ዓይኔ ወደ ሰውዬው ማጅራት ሄደ።

ቆራጩን አወቅሁት።

እኔ ነኝ።

ከቀኝ ጆሮው ኋላ... አውራ ጣት የሚያህል... እንደተነከሰ ዳቦ።

መጀመሪያ መስታወት መሰለኝ። አይደለም፣ የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ ነው።

"ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ላብ በላብ ሆንክ እኮ።"

"ምንም።"

"ሾርባው ሳይመጣ ታመምክ?"

ሳቀ። ከኋላው ያለው ሰውዬም ትከሻው ተንቀጠቀጠ... ድምፅ ግን የለም።

ወንድሜ አፍንጫውን አከከ። የሰውዬው ክንድ ከፍ አለ። ወንድሜ የውሃ ብርጭቆውን አነሳ። የሰውዬው ክርን ታጠፈ። ወንድሜ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከወዲያ ጠረጴዛ "ቋ" ሲል ሰማሁ።

ዕቃ ሲቀመጥ የሰማሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የወንድሜ ብርጭቆ አልጮኸም።

መናገር ነበረብኝ። "ዞር ብለህ እይ፣ ያ ሰውዬ ማጅራቱ ያንተ ነው" ማለት ነበረብኝ። ግን እሱን ለማለት መጀመሪያ ማጅራቱን ማበላሸቴን ማመን አለብኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ እሱ ከበደኝ። ኩራቴ ይህን ሁሉ አመጣ፣ ዛሬም አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።

"እጅህን ታጥበሃል?" አልኩት።

"ታጥቤ ነው የገባሁት።"

"ሂድ ታጠብ።"

"ኧረ ጋሼ! የስድስት ዓመት ልጅ አደረግከኝ እኮ።"

"ሂድ አልኩህ።"

ሌላ ምንም አልነበረም። ሲሄድ ማጅራቱን ለማየት ብቻ ነው የላክሁት።

እየሳቀ ተነሳ። ምልክቱ አለ። እሱም ላይ አለ፣ ሰውዬውም ላይ አለ። ወደ እጅ መታጠቢያው የሚወስደው ጠባብ ኮሪደር ከግድግዳው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ወንድሜ በሰውዬው ጎን አልፎ ገባ።

በዚህ መሀል አስተናጋጇ ሾርባውን ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ጫማዋ ተረከዙ የተረገጠ ሴት ናት። ሳህኖቹን አስቀምጣ ዞር ስትል...

የግድግዳው ወንበር ባዶ ነው።

"እትዬ... እዚያ የነበረው ሰውዬ የታለ?"

ዞር ብላ አየች። ያየችው ወንበሩን ብቻ ነው፣ ግን እጇ ወደ ደረቷ ሄደ።

"ተነሳ?" አለች በሹክሹክታ። "እሱ ተነስቶ አያውቅም እኮ።"

"ያውቁታል?"

"ሰኞ ሰኞ ይመጣል። ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም። ሳህኑንም በትከሻው በኩል ነው የማስቀምጥለት።" ወደ እኔ ጠጋ አለች። "ባለፈው ሰኞ ራሰ በራ ነበር።"

"ምን?"

"ከዚያ በፊት ደግሞ ሽበታም ነበር። ኮቱ ግን ያው ነው።"

ወደ ኮሪደሩ አየሁ።

"አብሮህ የነበረው ልጅ የት ሄደ?" አለችኝ።

"እጁን ሊታጠብ።"

"ብቻውን?"

ወዲያው ወንድሜ ከኮሪደሩ ወጣ። ነጭ ሸሚዙን ለብሷል፣ ፊቱም የራሱ ፊት ነው። አስተናጋጇ ፈጥና ወደ ጓዳ ገባች።

ተቀመጠ። ማንኪያውን አነሳ። ስለ ሾርባው ሳይቀልድ መጠጣት ጀመረ።

እኔ ማንኪያዬን አውቄ መሬት ጣልኩ።

"አንሳልኝ እስቲ።"

ጎንበስ አለ።

ማጅራቱ ንጹሕ ነው። ምንም የለም። ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ ቆርጬ አላውቅም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይሉ የለ? ያን ቀን ገባኝ። ተነሳሁ።

"እጄን ልታጠብ" አልኩት።

"ታጠብ" አለኝ። "ጋሼ" አላለኝም።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንድ በር ብቻ ነው ያለው። ከውስጥ ውሃ ይፈሳል።

"ጩጬ?"

ውሃው ተዘጋ።

"ጋሼ..."

ድምፁ ነው። የእሱ የራሱ ድምፅ፣ ትንሽ ልጅ ሆኖ ሲያመው የሚጠራኝ ዓይነት።

"ክፈትልኝ!"

"ክፍት ነው እኮ።"

ገፋሁት። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮት የለውም። ወንድሜ መሀል ላይ ቆሟል። ቡናማውን ኮት ለብሷል። ጀርባው ወደ እኔ ነው፣ የተላጨችው ቦታ ትታየኛለች።

"ዙር" አልኩት።

"ዞሬያለሁ ጋሼ።"

"ዙር እልሃለሁ!"

"ፊት ለፊትህ ነኝ እኮ... ለምን አታየኝም?"

በቀኝ በኩል ዞርኩት። ማጅራት ነው። በግራ ዞርኩት። ማጅራት። ጀርባዬ ግድግዳውን እየታከከ ሙሉ ዞርኩት። በሄድኩበት ሁሉ ያቺ የተላጨች ቦታ ከፊቴ አለች።

"እንዳበላሸኸው አውቄያለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ማታውኑ በጣቴ ዳበስኩት። እንዳታፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።"

ልይዘው እጄን ዘረጋሁ።

እሱም እጁን ዘረጋልኝ... ሁለቱም ክንዶቹ ወደ ኋላ ተጠምዝዘው መጡ።

ሮጥኩ።

አልዋሻችሁም። ወንድሜን ጥዬው ሮጥኩ። እናቴ አደራ ያለችኝን ልጅ እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ እየጠራኝ ጥዬው ወጣሁ። "ጋሼ! ጋሼ!" ሲል እሰማዋለሁ። አዳራሹ ስደርስ ያኛው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው፣ በሩን ይዞልኝ ቆሟል።

"እንሂድ" አለኝ።

ሄድን።

ከማክሰኞ ጀምሮ አብሮኝ ሠራ። ደንበኞቹ ወደዱት። ዝም ይላል፣ እጁ አይሳሳትም። አንድ የቆየ ደንበኛዬ "ወንድምህ ሙያው ተባ!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ፈገግ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ማን ያምነኛል? አማኑኤልም ጊዮርጊስም ብዬ ተሳልኩ፣ ዓይኔን ስገልጥ ያው እሱ አጠገቤ ቆሞ ማሽኑን ይጠርጋል።

እሑድ ደንበኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወንበሩን አዞረልኝ።

"ተቀመጥ። ልቁረጥህ።"

እምቢ ማለት ፈራሁ። ተቀመጥኩ። ማሽኑ ማጅራቴ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲጨርስ ፎጣውን አራገፈ።

"አሪፍ ሆነሃል" አለኝ።

መስታወት አልያዘልኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። በሁለት መስታወት መሀል ሃያ ጊዜ ቆሜ ሃያ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ግን ወሰንኩ። ነገ ሰኞ ነው። ወንድሜ ፊት ይኑረው አይኑረው፣ እጁ ወደ ኋላ ይጠምዘዝ አይጠምዘዝ፣ እጁን ይዤው ቤቴ አመጣዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ከኋላው አየዋለሁ። ይሄ ነው ሐሳቤ።

ሰኞ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ብቻዬን ገባሁ።

የግድግዳው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱም ቡናማ ኮት ለብሰዋል፣ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

የመጀመሪያው ወንድሜ ነው። የተላጨችው ቦታ የአንድ ሳምንት ፀጉር አብቅላለች። እንባዬ መጣ።

ሁለተኛውን ትኩር ብዬ አየሁት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ራስ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። የዚህን ሰፈር ሰው ሁሉ ማጅራት አውቃለሁ... ይህን ግን አላውቀውም። አንድም ቀን እጄ ገብቶበት አያውቅም።

"ጩጬ" አልኩ። "መጥቻለሁ። ተነስ እንሂድ።"

ወንድሜ አልዞረም።

"ጋሼ..." አለ፣ እያለቀሰ። "ለምን መጣህ?"

ከኋላዬ የሳህን መንቀጥቀጥ ሰማሁ። አስተናጋጇ ናት። ሁለት ሳህን ይዛ ቆማለች። ማጅራቴን አየች። ከዚያ አሻግራ የሁለተኛውን ሰውዬ ማጅራት አየች። ተመልሳ የእኔን አየች።

"እትዬ... ምንድን ነው?"

ሳህኖቹን እንደያዘች ወደ ኋላ አፈገፈገች። ማጅራቴን በረደኝና በእጄ ያዝኩት።

ሁለተኛው ሰውዬም ያዘ።