ቤዙ ውስጥ የቀረ ድምፅ

ቤዝ ተጫዋቹ ከስቱዲዮው ደረጃ ግርጌ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ የተገኘው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያገኘው ድምፅ ቀራጩ ነበር፤ ጣት የተቀሰረውም በእሱው ላይ ሆነ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነብኝ እኮ!» አለ ለመርማሪዋ። «ስደርስ በድን ነበር።»

የሟቹ ሚስት ዓይኗ አብጧል። «ስምንት ሰዓት ላይ ስወጣ ወንድማማቾቹ ይጨቃጨቁ ነበር። ባሌ ባንዱን ሊለቅ ነበራ።»

ጊታር የሚጫወተው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሁሉም «ትንሹ» የሚሉት፣ አልካደም። «ወዲያው ታረቅን። ከዚያ ቤዙን ቀዳ። ስምንት ከአሥር ይላል፣ ኮምፒውተሩን ይዩት። ደህና ትቼው ነው የወጣሁት።»

ኮምፒውተሩም ይህንኑ አለ። ከጠቡ በኋላ ሟቹ ቤዝ ከተጫወተ፣ ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ቀራጩ ብቻ ነው። በምስኪኑ አንገት ላይ ገመዱ እየጠበቀ ሄደ።

ቅጂው ሲከፈት ግን መጨረሻው ላይ ያቃስታል። ከምድር በታች የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ነው።

«ነፍሱ ናት» አለች ሚስቲቱ ጆሮዋን ይዛ።

መርማሪዋ በመናፍስት አታምንም፤ በተጠርጣሪ መሐላም እንዲሁ። ሆኖም ፀጉሯ ቆመ። የጊታሩ ስፒከር ፊት የተደቀነውን ማይክራፎን ደጋግማ ካየች በኋላ ድምፅ ቀራጩን ጠራችው።

«ሟቹ ቤዙን በምን ነበር የሚቀዳው?»

«በገመድ፣ በቀጥታ ወደ ማሽኑ። ማይክራፎን አጠገቡ አያስደርስም።»

«ትንሹስ ጊታሩን?»

«እሱ ደግሞ ያለ ማይክራፎን አይሆንለትም።»

ሦስቱንም እዚያው ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው።

«ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ ገመድ ግን የለውም» ብላ ጀመረች። «በገመድ በተቀዳ ቤዝ ላይ ማቃሰት ከየት ይገባል? ስለዚህ በማይክራፎን ነው የተቀዳው። ደግሞም ሟቹ በጣቱ ነበር የሚጫወተው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ምት ሲጀምር ጠቅ ይላል። ክሩን የነካው ጣት ሳይሆን ፒክ፣ የጊታር መምቻው ፕላስቲክ ነው።» ወደ ድምፅ ቀራጩ ዞረች። «የጊታርን ድምፅ በኮምፒውተር አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገን ብናወፍረውስ?»

«ቤዝ ይመስላል። ግን አብሮት የተቀዳው ሁሉ ይወፍራል፤ የሰው ድምፅም…» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ደነገጠ።

«እስቲ ወደ ቦታው መልሰው።»

መለሰው። ቤዙ ጊታር ሆነ። ማቃሰቱም ቀጠነና፣ ከበሩ ወዲያ የሚጣራ የሰው ድምፅ ሆነ።

«ትንሹ… አለሁ… ትንሹ…»

ሚስቲቱ ጮኸች። ትንሹ ከወንበሩ ተንሸራቶ ተንበረከከ።

«በንዴት ገፈተርኩት። የሞተ መስሎኝ ነበር! እሱ ራሱ የቀዳው እንዲመስል በጊታሬ ሠራሁት…»

«ስትቀዳ አልሰማኸውም?»

«ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ነበር። በኋላ ስሰማው መንፈሱ መሰለኝ። ልሰርዘው ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

በዚያች ሰዓት ሐኪም ቢጠራ ሰውየው ሊተርፍ ይችል እንደነበር፣ ሁሉም ገብቷቸዋል።

ሚስቲቱ እንባዋን ጠረገች። «ድገመው» አለችው ድምፅ ቀራጩን። «ያኔ ሲጣራ የደረሰለት የለም። አሁን እንኳ ይሰማ።»

ደገመው።

«ትንሹ…»

«አቤት፣ ጋሼ» አለ ትንሹ።