ገጽ አርባ አንድ

ልጅቷ ስሌቱን ለአራተኛ ጊዜ ሠራችው። ለአራተኛ ጊዜም መልሱ ያው ሆነ። አባቷ ገጽ አርባ አንድ ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ዘሏል።

አባቷ ከሞተ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሐሳብ ሰቅዞ ይዞት ኖሯል። ለሌሎች ቅንጣቶች ክብደት ይሰጣል የሚባለው ሂግስ የተሰኘ ቅንጣት፣ ራሱ ከእሱ ባነሱ ቅንጣቶች ተጋምዶ የተሠራ ነው የሚል። እንዲያ ከሆነ አንድ ገና ያልታየ ከባድ ዘመድ ሊኖረው ግድ ነው። የዘመዱን ክብደት የሚያሰሉት እነዚህ በእጅ የተጻፉ ገጾች ናቸው። ባልደረባው «በኮምፒውተር ጻፊልኝ፤ በስሙ ለመጽሔት እልከዋለሁ» ብሎ ሰጣት።

ምልክቷ ስትገባ ግን ክብደቱ በግማሽ ወረደ። እስከዚያ ክብደት ድረስ ያለው ሁሉ በትልልቅ መሣሪያዎች ተፈትሾ ምንም እንዳልተገኘ የነገራት አባቷ ራሱ ነው። ዘመዱ የለም ማለት ነው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልፋት ውኃ በላው።

«ፋራ አትሁኚ» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ። «እንዳለ ጻፊው። ማን ይነቃል?»

«የሚያነቡት ይነቃሉ።»

«ቢነቁስ? እሱ እንደሆነ ሞቷል፤ ምን ይሉታል?»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ። በሩን ከፍቶ ወጣ።

ከጓዳው እናቷ ተጣራች። አልጋው ላይ ተቀምጣ የሟቹን ሸሚዞች እያጣጠፈች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። «ስንት ገጽ ቀረሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አሥራ ሁለት፣ እማ።»

«በርቺልኝ። ዕድሜውን በምን ፈጀው ሲሉኝ፣ ይኸው የምለው አገኘሁ።»

ልጅቷ ወደ ገጽ አርባ አንድ ተመለሰች። ገጹ ጥግ ላይ ቀን ተጽፏል። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻውን ያጠነከረበት ቀን ነው፤ አባቷ «አንቺ ማን ነሽ?» ብሎ ሁለቴ የጠየቃት ቀን። ፊደሎቹ ወደ ታች እየተንሸራተቱ፣ የመጨረሻው መስመር ከወረቀቱ ሊወድቅ ደርሷል። ያን ቀን እንኳ ብዕሩን አልጣለም።

ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ተነሣች፤ ጓዳው በር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ለባልደረባው ከመደወሌ በፊት ላንቺ ልንገርሽ።»

እናቷ ፊቷን አየችና አልጋው ላይ ፈቀቅ አለችላት።