«አዎ» ማለት ያቆምኩ ቀን

እኔ ምላሰኛ አማት ነኝ፤ በፓኪስታኗ ከተማ ሙልታን ውስጥ የኛን ሰፈር የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ዛሬ ግን የምናገረው ራሴን ልወቅስ ነው፤ የኔን ስሕተት እናንተም በየቤታችሁ እንዳትደግሙት።

ምራቴ ሻጉፍታ ለአንድ ሶላት አንድ ሰዓት ሙሉ የመንጻት ትጥበቱን፣ ውዱን፣ ታደርግ ነበር። እግሯ ላይ ስትደርስ ክንዷን ትጠራጠርና እንደገና ከእጇ ትጀምራለች። እኔም ውሃ እያፈሰስኩ አጠገቧ እቆማለሁ። እናቴ ለማለት «አሚ» ትለኛለች።

«አሚ፣ ክርኔ ራሰ?»

«አዎ ልጄ፣ ራሰ።»

«በደንብ አይተዋል? እስቲ ይማሉልኝ።»

«ወላሂ ራሰ!»

በቀን ሃምሳ ጊዜ እምልላት ነበር። ጎረቤቶቼ «እንዲህ አላህን የምትፈራ ምራት ከየት አገኘሽ?» ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ። የታመመ ያላቸው ሴቶችማ ዱዓ እንድታደርግበት ውሃ በብርጭቆ ይዘው ይመጡ ጀመር። ሕመሟን ቅድስና ብለን አጨበጨብንለት።

በኋላ ነገሩ ወደ ልጇ ዞረ። የሁለት ዓመቷ ሚናል እጇን ዘርግታ ስትሮጥ፣ እናቷ ሽንት ይነካኛል ብላ «ያዙልኝ! እንዳትነካኝ!» እያለች ወደ ግድግዳው ትሸሻለች። አራት ወር ሙሉ ልጇን አላቀፈችም። የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። ልጄ ታንቪር መረረውና፣ ከኢድ በኋላ ሚናል ላሆር ከተማ እኅቱ ዘንድ እንድታድግ ወሰነ። ሻጉፍታ ይህን ስትሰማ እህል አልቀምስ አለች።

ከክፉ ይጠብቃት ብዬ ሂርዝ አስጽፌ አንገቷ ላይ አሰርኩላት። ሂርዙን ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር፣ ነክቶት ይሆናል ብላ እሱንም አጠበችው!

ቢቸግረኝ ወደ መስጊዳችን ኢማም ሄድኩ። ሁሉንም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እርግጠኛ የሆኑበትን ነገር ጥርጣሬ አያፈርሰውም፤ ዲናችን የሚለው ይህን ነው። የእሷ ነገር የኢማን ብዛት ሳይሆን ሕመም ነው። ዱዓውን እናደርጋለን፤ እርስዎ ሐኪም ጋ ይውሰዷት።»

«ምራቴ እብድ አይደለችም!» አልኳቸው ተቆጥቼ።

«እብድ ናት ማን አለ? እግሯ ቢሰበር ቤት ያስቀምጧት ነበር?»

በማግስቱ ሻጉፍታን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

የአእምሮ ሐኪሟ ዶክተር አኒላ ትባላለች። ሻጉፍታ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና፣ «ሐሳቡ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ ዶክተር፤ ግን አይለቀኝም» አለች። ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። 

ዶክተሯ ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዳችን። አንዱ ጭንቀቱን የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል፣ በራስ ፈቃድም አይቋረጥም። ሌላው ልምምድ ነው፤ የሚያስፈራውን ነገር ቀስ በቀስ መንካት፣ ከዚያ ሳይታጠቡ ፍርሃቱ በራሱ እስኪበርድ መጠበቅ። ለአንዳንዱ ሰው አንዱ ይበቃዋል፤ ለሻጉፍታ ሁለቱም ተመረጡላት። ከዚያ ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

«ስትጠይቅዎ ምን ይሏታል?»

«‹አዎ› እላታለኋ! ልጨክንባት?»

«ሕመሙን ያመጡት እርስዎ አይደሉም። ግን እያንዳንዱ ‹አዎ› ለሕመሙ ቀለብ ነው። ከእሷ ጋር ተስማምተናል፤ ከዛሬ ጀምሮ አይመልሱላት።»

እኔን ዝም ማሰኘት! ለምራቴ የታዘዘው ይቀላል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሻጉፍታ መጀመሪያ የሚናልን ጫማ ነካች። «አሚ፣ ነጃሳ ሆንኩ እንዴ?» አለችኝ። ምላሴን ነክሼ ወደ ማድ ቤት ሸሸሁ፤ ያን ቀን የጋገርኩት ሮቲ ቂጣ ሁሉ አረረ። አንድ ሰዓት ያህል አልቅሳ ተረጋጋች፤ እጇንም አልታጠበችም። ከጫማው ወደ ልብሱ፣ ከልብሱ ወደ ልጅቷ ጣት ተሻገረች። የተሸነፈችባቸው ቀናትም ነበሩ፤ በማግስቱ ትነሣለች። በሁለተኛው ወር መድኃኒቱም ያግዛት ጀመር።

የኢድ ቀን ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ሻጉፍታ በአዲሱ ልብሷ ተቀምጣ ሚናልን ራሷ ጠርታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። አላህ ሥራው አያልቅ፣ ልጅቷ እዚያው ሸናችባት! ሁላችንም ደረቅን። ታንቪር ሊነጥቃት ሲነሣ ሻጉፍታ በእጇ ከለከለችው። ወደ እኔ አየች፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ልጇን ለወጠች፣ ልብሷን ለወጠች፣ አንዴ ታጠበች፣ አንዴ ብቻ ውዱ አደረገች፣ የቀትር ሶላቷን ሰገደች። ምንም አልጠየቀችኝም። ተመልሳ ሚናልን ስታቅፋት እልልታዬን አቀለጥኩት።

ወገኖቼ፣ ጥርጣሬ የሚያሠቃየውን ሰው «ጻድቅ ነው» ብላችሁ አታድንቁት፣ «አብዷል» ብላችሁም አትደብቁት። ይህ ሕመም ሕክምና አለው። ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ እናንተ ማድረግ ያለባችሁንም ጠይቁ። ፍቅር አንዳንዴ ዝም ማለት ነው፤ እኔ ከቻልኩት ማንም ይችለዋል።

ታንቪር የዚያኑ የኢድ ቀን ላሆር ደወለ። «እኅቴ፣ ሚናል አትመጣም» አላት። «እናቷ አቅፋታለች።»