ሪፒተሩን ያነቀው ጩኸት

አቤሴሎምን የተዋወቅሁት ስሰድበው ነው። ሆሳዕና ከተማ፣ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ደጃፍ ላይ አምቡላንሱን አቁሞ የመገናኛ ሬዲዮውን ነቅሎ አመጣልኝ።

«ጩኸት በዝቶበታል፤ ሰው አያሰማም» አለ።

ፈታትቼ አየሁት። «ሬዲዮህ ከአንተ ይሻላል። የተበላሸ ነገር ካለ ጆሮህ ነው።»

«እሱንስ ትጠግኛለሽ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ። ከሄደ በኋላም አናደደኝ፤ ያኔ ነው ልቤን የጠረጠርኩት። እሱ የኦርቶዶክስ ነጋዴ ልጅ፣ እኔ የሌሞ ገጠር ፕሮቴስታንት ገበሬ ልጅ። ወንድሜ ማቴዎስ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በምላስ አይጨርስም።

ጩኸቱ እውነት ነበር። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የሬዲዮ ድምፅ ተቀብሎ ለሩቅ የሚያስተላልፍ ሪፒተር አለ። የሆነ ቦታ ሞገድ እየረጨ የሚጮህ ዕቃ እሱን አንቆታል።

በዚያው ሳምንት የማቴዎስ ሚስት አባይነሽን ሌሞ ላይ ምጥ ያዛት። ስልክ ኔትወርክ አልነበረም፤ ከጤና ኬላው በሬዲዮ ተጣሩ፣ ተጣሩ። አምቡላንስ አልመጣም። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ።

በማግስቱ ማቴዎስ ከተማ መጥቶ የአምቡላንሱን የፊት መስታወት በድንጋይ አረገፈው። አቤሴሎምን ጎትቶ አወረደና አፉን በቡጢ አለው።

«ስንጠራህ ተኝተህ ነው! ልጄን ገደልክ! እግርህ ሌሞን ቢረግጥ እቀብርሃለሁ!»

አቤሴሎም እጁን አላነሳም። ደሙን እያበሰ ሱቄ መጣ።

«ሊዲያ፣ በማርያም፣ ያንን ጩኸት ፈልጊልኝ። ተኝቼ ይሆን እንዴ? ራሴን ማመን አቃተኝ።»

«ሬዲዮዎቼ ላይ እንዳታለቅስ፤ ይዝጋሉ» አልኩት። ከንፈሩን ግን በሻሼ ጠረግሁለት።

ከፕላስቲክ ቱቦና ከግንበኛ የብረት ሜትር የሠራሁትን አንቴና በእጅ ሬዲዮ ላይ ሰክቼ ኮረብታው ላይ ወጣን። አንቴናው ወደ ጩኸቱ ሲዞር ሬዲዮው ያብዳል፤ ሲርቅ ይለዝባል። ወደ ሌሞ ዞሮ አበደ። መስታወት በሌለው አምቡላንስ ነፋስ ፊታችንን እየገረፈን ወረድን፤ በየመታጠፊያው እየቆምን አዞርኩት።

የእንሰቱን ማሳ እንዳለፍን ጩኸቱ ጆሮ በጠሰ። ደግሜ አዞርኩት። ያው ነው። የማቴዎስ ቤት። ጣሪያው ላይ የቴሌቪዥን አንቴና፣ ከሥሩ ሞገድ የሚያጎላ ርካሽ ቡስተር፤ ሲበላሽ ራሱ ይጮሃል። አባይነሽ እርጉዝ ሆና ቤት ስትውል እንዳይሰለቻት ብሎ የገዛላት።

አቤሴሎም ፊቴን አይቶ ገባው። «እንመለስ። ይህን ከሚሰማ እኔን ይጥላኝ።»

«ነገ ሌላ ሴት ብትጣራስ? ለአንተ ብዬ መሰለህ?»

ማቴዎስ ዱላ ይዞ ወጣ። «ደግሞ ከእህቴ ጋር!» የመጀመሪያው ምት አቤሴሎም ክንድ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሁለተኛውን በአንቴናዬ መከትኩ፤ ተንኮታኮተ።

«እኔንም ግደለኝ፣ ጋሼ! ጥሪያችሁን አፍኖ ልጅህን ያሳጣህ ጩኸት የሚወጣው ከአንተ ጣሪያ ነው!»

ዱላው አየር ላይ ቀረ። አባይነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጄ ላይ የሚንጫጫውን ሬዲዮ አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ገብታ ሶኬቱን ነቀለች።

ጩኸቱ ቆመ። ከዚያ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፦ «አምቡላንስ፣ አምቡላንስ፣ ከሞርሲቶ ጤና ኬላ ነው። ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው። ማን ይሰማኛል?»

ማቴዎስ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አንቴናውን በባዶ እጁ ገነጣጠለው። መዳፉ ተተለተለ። «እኔው ነኝ፣ እኔው ነኝ» ይላል።

«ውረድ!» ብላ ጮኸችበት አባይነሽ። «ልጃችንን ማታ እናለቅሰዋለን። ሴትዮዋ ትሞታለች! ሰውዬው በየትኛው እጁ ይንዳ?»

ማቴዎስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወረደ። አቤሴሎምን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«ቁልፉን» አለ።

አቤሴሎም በደህናው እጁ ሰጠው። እኔ ሬዲዮውን ወደ አፌ አስጠግቼ «መጣን» አልኩ።

ፊት ላይ ሦስታችን ተጠጋግተን ተቀመጥን፣ እኔ መሐል። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ አቤሴሎም ጥርሱን ነክሶ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ወንድሜ አየን። ማርሽ ቀየረ።

«እጁን ደግፊለት» አለኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «መንገዱ ወደፊት ይብሳል።»