ከሰርቦ ያመጣሁት ጣውላ

እኔ ስለ ጂንና ስለ መንፈስ ሲወራ ከሁሉም ቀድሜ የምስቀው ሰው ነኝ፣ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል፣ እርግጥ «እሱ ደግሞ ከሚያወራው ግማሹ ውሸት ነው» ብሎም ይጨምርላችኋል። ጊቤ ላይ ያጠመድኩትን ዓሣ በየዓመቱ አምስት አምስት ኪሎ ስለምጨምርበት አሁን ከአህያ በልጧል፣ አልክድም። ይቺን ግን አልጨምርባትም፣ ወላሂ፣ ብቀንስላት ነው ደስ የሚለኝ።

ነገሩ የመጣው በአንዲት ክፍል ነው። ቤታችን ወደ መንገድ የዞረች ክፍል አላት፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ በደጇ ነው የሚያልፈው፣ ባለቤቴ ዘይነባ የልብስ ስፌት ልታደርጋት ትፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ ጌም ቤት። ጌም ቤት ስላችሁ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥን ላይ ማፍጠጥ ማለቴ አይደለም፣ እሱማ በየሰፈሩ ሞልቷል። እኔ ያሰብኩት ቆመው የሚጫወቱበትን፣ ቁም ሳጥን የሚያህለውን፣ ፊቱ ላይ ማንሻና ትልልቅ ባለ ቀለም በተን ያለውን ማሽን፣ ከነሳጥኑ በገዛ እጄ መሥራት ነበር። ስምንት ወር ፈጀሁበት። ስምንት ወር! በስምንት ወር ሰው ያገባል፣ ይፋታል፣ ተመልሶ ይታረቃል። በመጨረሻ ዘይነባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«እስከ አረፋ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፣ ለአረፋ ካልሠራ ይሄን የሬሳ ሳጥንህን አውጥተህ የስፌት መኪናዬን ታስገባልኛለህ።»

«የሬሳ ሳጥን ይጋደማል፣ ይሄ እኮ ቆሟል» አልኳት።

አልሳቀችም።

ያናደደኝ ኤሌክትሪኩ አልነበረም፣ በተኖቹ የሚተከሉበት፣ እጅ የሚያርፍበት ገበታ ነው። የጅማ ዝናብ ኮምፔርሳቶ የሚሉትን ስስ ጣውላ እንደ ሊጥ ነው የሚያስነሳው፣ ሦስት ጊዜ ቆርጬ፣ ሦስት ጊዜ በትራፓኖ በስቼ፣ ሦስት ጊዜ አብጦ በተኖቹን ነክሶ ያዘብኝ። ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ሳለ ሰርቦ ውስጥ ሥራ ያቆመ የቡና መልቀሚያ ቤት ዕቃውን እየሸጠ ነው ሲሉኝ በረርኩ። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ጥቁሩንና ስባሪውን ፍሬ እየለቀሙ የሚያወጡበት የዋንዛ ጠረጴዛ ነበር፣ እጅ እየተመላለሰበት እንደ ተላጨ ራስ የሚያበራ፣ ከዓመታት በፊት የደረቀ፣ ከእንግዲህ ቢነከር እንኳ የማያብጥ። አንዱን ጣውላ ነቅዬ ገዛሁ። ጠርዙ ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉ፣ አንዲት ሴት ለስንት ዘመን እጇን ስታሳርፍባቸው ያለቁ ናቸው። ደህና አናጢ ቢሆን መጀመሪያ እነሱን በመላጊያ ጠርጎ ነው የሚያጠፋቸው። እኔ ብልጡ ግን ተውኳቸው! የተጫዋች እጅ እዚያ ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ በትክክል የሚወድቁበትን ለክቼ ለስድስቱ በተኖች ቀዳዳ አወጣሁላቸው። እንዲያውም ፍልስፍና መስሎኝ ለራሴ አጨበጨብኩ።

ለአረፋ አምስት ቀን ሲቀረው ማርቆስን ጠራሁት። ማርቆስ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ በር ላይ ስልክና ቴፕ የሚጠግን የከምባታ ሰው ነው፣ ጸሎተኛ፣ ጓደኛዬ፣ የቀልዴ ማረፊያ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ጂን ጨለማ ይወዳል የምትሉ ልብ በሉልኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሩ ክፍት፣ ውጭ ዝናብ። ሽቦዎቹን በየዳቸው፣ ስክሪኑ ላይ ስድስት ክቦች መጡ፣ አንዱን በተን ስትጫኑ አንዱ ክብ ይበራል፣ ለመሞከሪያ ነው። ገና እጃችንን ሳናሳርፍ ክቦቹ ይበሩ ጀመር። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ።

«ሾርት ነው» አለ ማርቆስ።

ሽቦውን ፈታ፣ እንደገና በየደ። ቀኝ፣ ግራ። በተኖቹን ሳጥኑ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ቦርድ ቀየረ፣ ያለን ትርፍ ቦርድ እሱ ብቻ ነበር። ቀኝ፣ ግራ።

«በል ሾርትህን አስታርቀው እንጂ! እኔ አምስት ቀን ነው የቀረኝ፣ ከዚያ በኋላ ክፍሌ ውስጥ ጉርድ ቀሚስ ነው የሚሰቀለው!»

«ሙስጤ፣ አትጩህብኝ፣ እኔ አልፈጠርኩትም» አለና ሶኬቱን መንጭቆ ነቀለው።

ስክሪኑ ጠፋ። ሁለታችንም ተናደን ቁጭ አልን። ከዚያ ነው የሰማሁት፣ ወይም ያን ያህል ጊዜ ስሰማው እንደቆየሁ የገባኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ማርቆስ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ሾርት ክቡን ያበራል» አለ በሹክሹክታ፣ «ድምፅ ግን አያሰማም። ሥሩ ያለችው ማብሪያ ቀጭ የምትለው በተኑ ወደ ታች ሲወርድ ነው። እንዲወርድ ደግሞ…» ጣቱን አሳየኝ። ከዚያ እንደ እብድ ሽቦዎቹን በሙሉ ጎትቶ በጣጠሳቸው፣ የቀኑን ሙሉ ሥራችንን።

በተኖቹ ሲወርዱና ሲወጡ አየኋቸው፣ በእነዚህ ዓይኖቼ።

«እንጨቱ ዝናቡን ጠጥቶ አብጦ ነው» አልኩ፣ እኔው ራሴ ሳላምንበት።

«እንጨት ሲያብጥ ይነክሳል፣ አይለቅም። ሦስት ጊዜ ያለቀስክበት አይደል?»

ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ስድስቱም ከዳር እስከ ዳር ተከታትለው፣ የሆነ ነገር በመዳፍ ጠረግ እንደማድረግ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው። ማርቆስ «በኢየሱስ ስም» ማለት ጀመረ፣ እኔ «አዑዙ ቢላህ» አልኩ፣ ሁለታችንም በየበኩላችን የቻልነውን ያህል ጮኽን፣ በተኖቹ ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩንም፣ ሥራ ላይ ናቸው።

ጩኸታችንን ሰምታ ዘይነባ ገባች። «ምነው፣ አስከሬኑ ተነሳ እንዴ?» ብላ ልትስቅ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፣ በሰው መሀል የሚያውቁትን ድምፅ እንደሰማ ሰው።

«ይሄን ጣውላ ከየት ነው ያመጣኸው?»

ከአጋሮ ከአንድ አናጢ ነው ብያት ነበር፣ ለምን እንደዋሸኋት አትጠይቁኝ፣ ልማድ ነው። «ከሰርቦ፣ ከመልቀሚያ ቤቱ» አልኳት።

ዘይነባ የሰርቦ ልጅ ናት፣ ከመጋባታችን በፊት እዚያው ቤት ቡና ስትለቅም ነው ያደገችው። ፊቷ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «ለቃሚ ሁሉ የራሷ እጅ አላት» አለች፣ «ዓይንህን ጨፍነህ እንኳ አጠገብህ ማን እንደተቀመጠች በእጇ ድምፅ ታውቃታለህ። ጠርጋ የምትጨርሰው አንዷ ብቻ ነበረች፣ አላህ ይማራትና።»

ከዚያ ያደረገችውን እኔ ብትከፍሉኝም አላደርገውም። የመሣሪያ ሳጥኔን ስባ ተቀመጠችበት፣ ሁለት መዳፏን በተኖቹ ላይ ቀስ አድርጋ ጫነች፣ «ማሎ» አለች፣ በኦሮምኛ እባክሽ ማለቷ ነው፣ «ማሎ፣ በቃ፣ ቡናው አልቋል።»

ቆመ። ወዲያው፣ እንደ ተነገረው ሰው። ከመዳፏ ሥር አንዷ ብቻ አንድ ጊዜ ቀጭ አለች፣ ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

በዚያው ቀን ማታ «ክፍሉን ውሰደው፣ ያንተ ነው» አለችኝ። ስምንት ወር የተሟገትኩበትን፣ በአንድ ቃል! አረፋ መጣ፣ አለፈ፣ የስፌት መኪናዋ መኝታ ቤት ገብቶ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ይገጨኛል፣ በመንገዱ ላይ ያለችው ምርጥ ክፍል ተቆልፋለች። ጣውላውን ነቅዬ ልመልሰው ብል «እንዳትነካው» ትለኛለች። ማርቆስም ሰላም የሚለኝ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነው።

የማን እጅ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ሁለቴ ወሬ ቀየረችብኝ። ሦስተኛው ጊዜ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ነበር፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«ብነግርህ ስሟን ትጠራዋለህ፣ አፍህን አውቀዋለሁ። እሷ ደግሞ ስትጠራ አቤት ሳትል የምትቀር ሴት አይደለችም።»